አንድ መንገድ፣ ሁለት መንግሥት፦ የስሪላንካ የተኩስ አቁም ዓመታት

ቤይሩት በነበርኩባቸው ዓመታት ብዙ ሰው ስሜን ሳይጠይቅ «ስሪላንኪያ» ይለኝ ነበር። እዚያ የሠራችሁ እኅቶቼ ታውቁታላችሁ። ከእኛ በፊት በብዛት የሄዱት የስሪላንካ ሴቶች ስለነበሩ የአገራቸው ስም ቀስ በቀስ የሥራው ስም ሆኖ ቀረ። ከጎንደር ትምጣ ከወሊሶ፣ የቤት ሠራተኛ ከሆነች ስሪላንኪያ ናት። መጀመሪያ ላይ በጣም ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የምትሠራ እውነተኛዋን ስሪላንካዊት አወቅኋትና ስሜን ስለወሰደችብኝ አገር መጠየቅ ጀመርኩ።

ጓደኛዬ ታሚል ናት። «አካ» ትለኝ ነበር፤ በቋንቋቸው «እትዬ» እንደማለት ነው። የምንግባባው በዚያች በኩሽና አረብኛችን ነበር። እናቷ ሰሜን ጃፍና ከተማ፣ ታላቅ እኅቷ ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ኪሊኖችቺ በምትባል ከተማ ይኖራሉ። አንድ ቀን ደረጃ እያጠብን ሳለ «የእናቴ ሰዓትና የእኅቴ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይለያያል» አለችኝ። አረብኛዋን ያልሰማሁ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋት። ነገሩ እውነት ነበር። በ1996 መንግሥት መብራት ለመቆጠብ ብሎ የአገሪቱን ሰዓት ወደፊት ገፋ፤ አማፂዎቹ ግን በያዙት ምድር የድሮውን ሰዓት ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው መታወቂያውን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ማስተካከል ነበረበት።

ባለፈው የማኅበራችን የቡና ፕሮግራም ላይ ይህን ስነግራችሁ ጻፊው ስላላችሁኝ ነው የጻፍኩት። «ተኩስ አቁም» የሚል ዜና ስንሰማ ሁላችንም እፎይ እንላለን፤ ማለታችንም ተገቢ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰዉ በማን እጅ እንደሚተዳደር፣ ግብሩን ለማን እንደሚከፍል፣ ባሏ የጠፋባት ሴት ለየትኛው ቢሮ እንደምታመለክት ብዙም አንጠይቅም። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ጦርነቱ መነሻ ባጭሩ ልበል። ስሪላንካ ከሕንድ በስተደቡብ ያለች ደሴት ናት። አብዛኛው ሕዝቧ ሲንሃላ ተናጋሪ የቡድሃ አማኝ ነው፤ በሰሜንና በምሥራቅ ታሚሎች፣ በተለይ በምሥራቅ ደግሞ ብዙ ሙስሊሞች አሉ። በ1948 ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች። በ1956 ሲንሃላ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ታወጀ፤ ታሚሎች በመንግሥት ሥራና በትምህርት በኩል በሩ እየጠበበባቸው ሄደ። በ1983 ጃፍና ውስጥ 13 ወታደሮች በደፈጣ ተገደሉ፤ ተከትሎም ኮሎምቦና ሌሎች ከተሞች ውስጥ በታሚሎች ላይ ጭፍጨፋ ሆነ። ጦርነቱ ከዚያ ጀምሮ የለየለት ሆነ። ከታሚል ታጣቂዎች መካከል ሌሎቹን ሁሉ ውጠው ብቻቸውን የቀሩት፣ በቬሉፒላይ ፕራባካራን የሚመሩት ታሚል ታይገርስ ናቸው። ራሳቸውን በነብር ስም ስለሚጠሩ እኔም ከዚህ በኋላ ነብሮቹ እላቸዋለሁ።

በ2001 ሁለቱም ወገኖች ደክመው ነበር። ነብሮቹ በጁላይ ወር ዋናውን አውሮፕላን ማረፊያ አጠቁ፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ ራኒል ዊክረመሲንጌ ሰላም አመጣለሁ ብለው ተመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በፌብሩዋሪ 2002 በኖርዌይ አስታራቂነት የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ። ፕራባካራንና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው አልፈረሙም፤ አንዱ ፈርሞ ወረቀቱ ወደ ሌላው ተላከ። በወረቀቱ ላይ ጦሩ የት እንደሚቆም፣ የትኛው መንገድ እንደሚከፈት፣ ስንት መሣሪያ ያልያዙ ነብሮች ወደ መንግሥት ይዞታ ገብተው የፖለቲካ ሥራ እንደሚሠሩ በዝርዝር አለ። ሕዝቡን ማን ያስተዳድራል የሚለው ግን ለኋላ ድርድር ተብሎ ታለፈ። ያ «ኋላ» ሳይመጣ ነው ዓመታት ያለፉት።

የመንገዱን ነገር ላስረዳችሁ። ከመሐል አገር ተነሥቶ ጃፍና የሚደርሰው ዋና አውራ ጎዳና «ኤ ናይን» ይባላል። በጦርነቱ ምክንያት ከ1990 ጀምሮ ለሕዝብ ተዘግቶ ኖሮ በ2002 ተከፈተ። ጃፍና በመንግሥት ጦር እጅ ናት፤ ደቡቡም እንዲሁ። በመካከል ያለው ቫኒ የሚባለው ደረቅና ደን የበዛበት ምድር የነብሮቹ ነው፤ ኪሊኖችቺ ዋና ከተማቸው ነበረች። ስለዚህ ከኮሎምቦ ወደ ጃፍና የሚሄድ አውቶቡስ ኦማንታይ ላይ የመንግሥት ጦር ይፈትሸዋል። ከዚያ ማንም የማይዘው ባዶ መሬት ይመጣል። ቀጥሎ የነብሮቹ ኬላ፣ ፍተሻና ቀረጥ አለ። ኪሊኖችቺን አልፎ ሙሃማላይ ሲደርስ ይኸው ሁሉ በተገላቢጦሽ ይደገማል። ጓደኛዬ እንደምትለው እናቷ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መንገድ ሄዳ የልጅ ልጆቿን ያየችው ያን ጊዜ ነው። በየኬላው እየወረደች ዘንቢሏን ስትከፍት ስትዘጋ ውላ ኪሊኖችቺ ስትደርስ መሽቷል። ቢሆንም በጣም ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን መርሳት የለብንም። መንገድ ሲከፈት የሩዝም የሳሙናም ዋጋ ይወርዳል፤ የተለያየ ቤተሰብም ይገናኛል። የዚያን መንገድ መከፈት ያቃለለ ሰው ተዘግቶበት የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልግባ። ነብሮቹ ቫኒ ውስጥ መንግሥት የሚያሰኘውን ሁሉ አቁመው ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የራሳቸው ፖሊስ ነበራቸው፤ ሴት ፖሊሶችም ነበሩበት። የትራፊክ ፖሊሳቸው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ኤ ናይን ላይ የፍጥነት መለኪያ ይዞ ይቆማል፤ የፈጠነውን ሾፌር ይቀጣል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ፍርድ ቤት፣ ሕግ ትምህርት ቤት፣ ባንክ ነበራቸው። ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ነበራቸው።

ይህን ሲያነብ ሰው የኮሎምቦ መንግሥት ከዚያ ምድር ጨርሶ የወጣ ይመስለዋል። እንደዚያ አልነበረም። ኪሊኖችቺ ውስጥ የአስተማሪው ደመወዝ የሚመጣው ከኮሎምቦ ነው። የሐኪሙም የነርሷም እንዲሁ። ጡረታውም፣ ፖስታውም፣ የትምህርት መጻሕፍቱም፣ አገር አቀፍ ፈተናውም ከኮሎምቦ ነው። መንግሥት የሾመው የአውራጃ አስተዳዳሪ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል፣ ምን መሥራት እንዳለበት ግን የነብሮቹን ፊት አይቶ ነው። ሰዉ የሚገበያይበት ገንዘብ ራሱ የኮሎምቦ ማዕከላዊ ባንክ ያተመው ሩፒ ነው። አማፂዎች በያዙት ምድር መንግሥት ለምን ደመወዝ ይከፍላል? መክፈሉን ቢያቆም «ይህ ምድር የእኔ አይደለም» ብሎ እንደፈረመ ይቆጠርበታላ። ነብሮቹስ ለምን ፈቀዱ? ባይፈቅዱ ደመወዙን ራሳቸው ሊከፍሉ ነው። እናም ሁለቱም ዝም ተባብለው ተስማሙ። ስለዚህ ስምምነት የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን ከተፈረመው ስምምነት ይልቅ የጸናው ይኼኛው ነው።

በመንግሥት እጅ ያለችው ጃፍናም ብትሆን በአንድ ጌታ ሥር አልነበረችም። በስምምነቱ መሠረት የነብሮቹ የፖለቲካ ቢሮዎች እዚያ ተከፈቱ። ብዙም ሳይቆይ ከነጋዴው ላይ «መዋጮ» መሰብሰብ ጀመሩ። ሰው ክስ ሲኖረው የመንግሥትን ፍርድ ቤት ትቶ የነብሮቹ ዳኞች ዘንድ የሚሄድበት ጊዜም ነበር፤ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፣ ክርክሩም በገዛ ቋንቋው ነው። ይግባኝ የሚሉበት ነጻ ዳኛ ግን አልነበረም፤ ከዳኛውም በላይ ያለው ያው ድርጅቱ ነው።

ለእኛ ለሴቶች እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነገር አለ። ጃፍና ውስጥ «ቴሳቫላማይ» የሚባል የቆየ ባሕላዊ ሕግ አለ፤ የኮሎምቦ መንግሥት ፍርድ ቤቶችም ይሠሩበታል። በዚህ ሕግ ሴት በጥሎሽ ያመጣችው መሬትና ቤት የራሷ ነው። ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ግን የባሏ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ባሏ ጦርነት ውስጥ የጠፋባትን ሴት አስቡት። መሬቱ የእሷ ነው፣ ፈቃጁ የለም፤ ሞቷል እንዳትል የሞት ምስክር ወረቀት የላትም። ፍርድ ቤት ሄዳ ፈቃዱን በዳኛ ማስቀረት ትችላለች፤ ግን ለዚያም ጠበቃና ገንዘብ ያስፈልጋል። ነብሮቹ በ1994 ባወጡት ሕግ ይህን አሻሻሉት፤ ሴት በንብረቷ ራሷ እንድታዝ ፈቀዱ፣ በጥሎሽም ላይ ተነሡ። በወረቀት ደረጃ ከኮሎምቦው ሕግ የተሻለ ነበር ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ሆኖም በዚያ ፍርድ ቤት የተፈረደላት ሴት የያዘችውን ወረቀት የኮሎምቦ መንግሥት መዝገብ ቤት አያውቀውም። ነብሮቹ እስካሉ መብት ነው፤ እነሱ ከሌሉ ብጣሽ ወረቀት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ደግሞ መንግሥት የሰጠው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ለመሬቷ ወደ አንዱ፣ ለባሏ ወደ ሌላው፣ ለልጇ ወደ ሁለቱም ትሄዳለች።

ለልጇ ያልኩት በምክንያት ነው። ነብሮቹ ከየቤቱ ሰው ለትግሉ ይጠይቁ ነበር፤ በተኩስ አቁሙ ዓመታት እንኳ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን መውሰዳቸውን አላቆሙም። በ2003 ከዩኒሴፍ ጋር ልጆቹን ለመመለስ የሥራ ዕቅድ ተስማሙ፤ ኪሊኖችቺ ውስጥ የመሸጋገሪያ ማዕከልም ተከፈተ። ጥቂቶቹ ሲመለሱ ሌሎች ይወሰዱ ነበር። ዩኒሴፍ የመዘገባቸው ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ያገቡትን ይተዋሉ ሲባል ደግሞ ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜያቸው የሚድሩ ወላጆች በዙ። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተሉ ከኖርዌይ፣ ከስዊድን፣ ከፊንላንድ፣ ከዴንማርክና ከአይስላንድ የመጡ ታዛቢዎች ነበሩ። እናት ሄዳ ለታዛቢው ታመለክታለች፤ ታዛቢውም ይመዘግባል። ከመመዝገብ በቀር ሥልጣን አልነበረውም።

ስለ ገንዘብ ሳልጽፍ ባልፍ ይህ ጽሑፍ የማኅበራችን ጋዜጣ ላይ መውጣት አልነበረበትም። የስሪላንካ ሴቶች «ሲቱ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ልክ እንደ እኛ ዕቁብ ነው። ቤይሩት ውስጥ ስምንት ሆነን አብረን ጥለናል፤ አራቱ የእነሱ፣ አራቱ የእኛ። ጓደኛዬ ዕጣው ሲደርሳት ለእኅቷ ላከችላት፤ እኅቷም የወርቅ አምባር ገዛችበት። በዚያ አገር የሴት ቁጠባ ወርቅ ነው፤ ችግር ሲመጣ ይያዛል፣ ሲያልፍ ይወጣል። እኅቷም ያንኑ አምባር ኪሊኖችቺ ባለው የነብሮቹ ባንክ አስይዛ የልብስ ስፌት መኪና ገዛች። ባንኩ ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ፣ ወለድ የሚከፍልና በወርቅ መያዣ የሚያበድር ነበር። ብድሩን እየከፈለች፣ ለጨርቁ ኮሎምቦ ላይ የመንግሥት ታክስ ተከፍሎበት የመጣውን ዋጋ እየከፈለች፣ በነብሮቹ ኬላ ቀረጥ የገባበትን ደግሞ በላዩ እየጨመረች ትሰፋለች። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ተፋጠው ሲቆሙ ደግሞ ሁለቱም ከዚያው ሣር ይበላሉ።

በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ይህን የሚያነሣ ሰው ነበረ ወይ? ከሴፕቴምበር 2002 እስከ ማርች 2003 ድረስ ስድስት ዙር ንግግር ተደረገ፤ ታይላንድ፣ ኦስሎ፣ በርሊን፣ ጃፓን። በዋናው ጠረጴዛ ዙሪያ ሴት ብትፈለግ ከነብሮቹ በኩል በጸሐፊነት የተቀመጠችው የዋናው ተደራዳሪ ባለቤት፣ ትውልደ አውስትራሊያዊቷ አዴል ባላሲንግሃም ነበረች። የሴቶች ድርጅቶች ጮኹ። በዲሴምበር 2002 ኦስሎ ላይ የሴቶች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ከየወገኑ አምስት አምስት ሴቶች። የመንግሥቱን ወገን የታሪክ ምሁሯና የሴቶች መብት ተሟጋቿ ኩማሪ ጃያዋርደና፣ የነብሮቹን ወገን የሴቶች ፖለቲካ ክንፍ ኃላፊ የነበረችው ታሚሊኒ ይመሩ ነበር፤ የኖርዌይዋ አስትሪድ ሃይበርግ አወያይ ነበረች። በማርች 2003 ኪሊኖችቺ ላይ ተሰበሰቡ። ከደቡብ የመጡት ምሁራንና ከጫካ የመጡት ታጋዮች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ምን ያስቀድሙ ይመስላችኋል? ወደ ቀያቸው ስለሚመለሱ ሰዎች አሰፋፈር፣ ስለ ሴቶች ደኅንነት፣ ስለ መንገድና ውሃ፣ ስለ መተዳደሪያ ሥራ፣ ስለ ሴቶች ውክልና፣ ስለ ዕርቅ። አስቡት፤ ጄኔራሎችና ሚኒስትሮች ለኋላ ያሉትን ሁሉ እነዚህ አሥር ሴቶች በመጀመሪያው ስብሰባቸው ጠረጴዛው ላይ አወጡት።

በሚቀጥለው ወር ነብሮቹ ከድርድሩ ወጡ። ምክንያታቸው አሜሪካ አገር በተደረገ የለጋሾች ስብሰባ ላይ አልተጋበዝንም የሚል ነበር፤ አሜሪካ በአሸባሪነት ፈርጃቸው ስለነበር መግባት አይችሉም ነበር። ዋናው ድርድር ሲቆም የሴቶቹም ኮሚቴ አብሮ ቆመ። እኔ እስካሁን የማይገባኝ ይህ ነው። ወንዶቹ ተኳርፈውም ደመወዙ እየተከፈለ፣ ቀረጡ እየተሰበሰበ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ ከሦስት ዓመት በላይ ቀጥሏል። ከዚያ ሁሉ የቆመው የሴቶቹ ስብሰባ ነው። በማንም ላይ ስለማይተኩሱ፣ ባይሰበሰቡም የሚጎድል ነገር የለም ተብሎ ይሆን?

ማኅበራችንን የምትደግፉ ወዳጆቻችንም ይህን ስለምታነቡ የለጋሾቹን ነገር ጨምሬ ልናገር። በጁን 2003 ቶኪዮ ላይ ለስሪላንካ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ፤ ገንዘቡ ከሰላሙ መራመድ ጋር የተያያዘ ነበር። ነብሮቹ አልተገኙም። ለሰሜንና ለምሥራቅ መልሶ ግንባታ ሁለቱ ወገኖች አብረው የሚያዙበት ፈንድ ታስቦ ነበር፤ እሱም ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ያ ሁሉ ገንዘብ ቆሞ የጠበቀው የሚቀበለው እጅ የማን እንደሆነ ስላልተወሰነ ነው። በኖቬምበር 2003 መጀመሪያ ነብሮቹ የራሳቸውን ሐሳብ አወጡ፤ እነሱ አብላጫ የያዙበት ጊዜያዊ አስተዳደር በሰሜንና በምሥራቅ በግብር፣ በመሬትና በፍርድ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው። በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንት ቻንድሪካ ኩማራቱንጋ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ የመከላከያን፣ የአገር ውስጥ ጉዳይንና የማስታወቂያን ሚኒስቴሮች ወሰዱ። ኮሎምቦ ውስጥም ቢሆን መንግሥቱ አንድ አልነበረም ማለት ነው። በማርች 2004 ደግሞ የምሥራቁ አዛዥ ካሩና ከነብሮቹ ተገንጥሎ ወጣ፤ ነብሮቹም አንድ አልሆኑም።

ሙስሊሞቹስ? በኦክቶበር 1990 ነብሮቹ የሰሜኑን ሙስሊም ሕዝብ በሙሉ አስወጥተውታል፤ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው ነው። የጃፍናዎቹ የተሰጣቸው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነበር፤ ቤታቸውንና ወርቃቸውን ጥለው ወጡ። ተኩስ አቁሙ ሲመጣ ተመለሱ ተባሉ፤ የተመለሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። በድርድሩም ራሳቸውን የቻሉ ወገን ሆነው እንዲቀመጡ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ሁለቱ የታጠቁ ወገኖች ሕዝቡን ለሁለት ሲካፈሉ፣ መሣሪያ ያልያዘው ሦስተኛው ለመቆጠርም አልበቃም።

ከዚያ በዲሴምበር 26 ቀን 2004 ባሕሩ መጣ። ሱናሚው ስሪላንካ ውስጥ ከ30,000 በላይ ሰው ገደለ፤ በምሥራቁ ጠረፍ በብዙ መንደሮች ከወንዶች ይልቅ የሞቱት ሴቶች ይበዛሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወታደሩም ነብሩም ጎን ለጎን ሬሳ አንሥተዋል። ከዚያ እንደገና ገንዘቡ መጣና ማን ይቀበለው የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ። ስድስት ወር ከተከራከሩ በኋላ በጁን 2005 እርዳታውን በጋራ የሚያስተዳድሩበት ስምምነት ተፈረመ። በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዋና ክፍሎቹን አገደው። ስምምነቱ እዚያው ሞተ።

በዚያው ጊዜ ሌላ ብዙ ያልተወራለት ነገር ሆነ። በምሥራቁ ጠረፍ በታሚሎቹም በሙስሊሞቹም ዘንድ ቤት የሴት ነው፤ ወላጅ ለሴት ልጁ ቤት ይሰጣል፣ ባልም ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። ሱናሚው ያጠባቸው ቤቶች እንደገና ሲሠሩ ግን ሰነዱ «የቤተሰብ ኃላፊ» በሚል ለባል ተጻፈ። በባሕሉ የሴት የነበረው ቤት በእርዳታ ቅጽ የወንድ ሆነ። ይህን ያደረገ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው የጠየቀው ሴት አልነበረም፤ ሊጠየቅ የሚችለው የሴቶች ኮሚቴ ደግሞ ከተበተነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

በኖቬምበር 2005 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆነ። ነብሮቹ ታሚሎች እንዳይመርጡ ከለከሉ፤ ማሂንዳ ራጃፓክሳ ከ200,000 ባነሰ ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። ግድያው በየቀኑ ሆነ። በኤፕሪል 2006፣ በእነሱ አዲስ ዓመት፣ መንግሥት የአገሪቱን ሰዓት ወደ ጥንቱ መለሰው። ከአሥር ዓመት በኋላ የጓደኛዬ እናትና እኅት ሰዓታቸው አንድ ሆነ። በጁላይ ነብሮቹ ማቪል አሩ የሚባል ቦታ የመስኖ ውሃ በር ዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ውሃ አጡ፤ ጦሩም ተነቃነቀ። ኦገስት 11 ቀን ሙሃማላይ ላይ ውጊያ ተጀመረና ኤ ናይን ተዘጋ። ጃፍና ከተቀረው አገር በየብስ ተቆረጠች።

ያን ጁላይ እኛም ቤይሩት ቦምብ ሥር ነበርን። አሠሪዎች ወደ ተራራው ሲሸሹ ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ቤት ተቆልፎባቸው ቀሩ፤ ሌሎቹ በአውቶቡስ ወደ ሶርያ ወጡ። ጓደኛዬ ከወጡት ናት። ዕቁቡን በልታ ሁለት ወር ይቀርባት ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ከኮሎምቦ አንድ ጊዜ ደወለች። «አካ፣ ከጦርነት አምልጬ መጣሁ፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተከፈተው» አለችኝ። ስትስቅ ነው ስታለቅስ አልለየሁም። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ስምምነቱ በወረቀት የፈረሰው በጃንዋሪ 2008 ነው። ጦሩ በጃንዋሪ 2009 ኪሊኖችቺ ገባ፤ ጦርነቱ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ነብሮቹ ሙሉ በሙሉ ተደምስሰው አበቃ። በመጨረሻዎቹ ወራት በጠባብ የባሕር ዳርቻ ተከበው ከሞቱት ሲቪሎች ቁጥር እስከ 40,000 ሊደርስ እንደሚችል የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባለሙያዎች ጽፈዋል። ፖሊሱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ባንኩ ሁሉ አንድ ላይ ጠፋ። በባንኩ የነበረው የሴቶች ወርቅ በጦሩ እጅ ገባ። በ2014 ፕሬዚዳንት ራጃፓክሳ ራሳቸው ኪሊኖችቺ ሄደው ከዚያ ወርቅ የተወሰነውን ለባለቤቶቹ መለሱ። ያቺ የዕቁባችን አምባር ከተመለሱት ውስጥ ትሁን አትሁን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

በ2016 የስሪላንካ ፓርላማ ለጠፉ ሰዎች ቤተሰብ «የመጥፋት ምስክር ወረቀት» የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ባሏ የጠፋባት ሴት ሞቷል ብላ ሳትፈርም ስለ ንብረቱ የምታመለክትበት ወረቀት መጣ። ብዙዎቹ ግን ወረቀት አንፈልግም፣ ልጆቻችንን የት እንዳደረጋችኋቸው ንገሩን አሉ። በፌብሩዋሪ 2017 የኪሊኖችቺ እናቶች የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በኤ ናይን ዳር፣ ከካንዳስዋሚ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ የእነሱ ፎቶ ይወጣል። የጓደኛዬን እኅት አይቻት አላውቅም። ቢሆንም ፎቶውን ባገኘሁ ቁጥር አጉልቼ ፊታቸውን አንድ በአንድ አያለሁ።